ሽምብራው ውስጥ ያዳመጠኝ

«ጆሮዋ ታሞ ነው። የራሷን ጩኸት ነው የሰማችው» አሉ።

ማን አለ? ትናንት አፉን የፈታ ሁሉ አለ። ነጋዴው አለ፣ ተሸካሚው አለ፣ በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሳትቀር አለች።

እሺ። እኔ ቦሰና ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም ጎረቤቴ ሪሐና ናት በስልኳ የምትጽፍልኝ። ግን በዕድሜዬ ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አላውቅም።

ይህ ነገር ሆኗል። ማክሰኞ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ መርካቶ፣ እህል በረንዳ። ማስረሻ የሚባል የእህል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ።

ጨለማ አልነበረም... ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ታግል ነበር።

ለማያውቁኝ ልንገራችሁ። አርባ ዓመት ጆንያ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ነቀዝ እህል ውስጥ ሲገባ ዓይን ሳያየው ጆሮ ይሰማዋል። ጆሮዬን ጆንያው ላይ እደፋለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ። ውስጡ የሚቆረጥም ካለ «ነቅዟል» እላለሁ፣ ከሌለ «ደህና ነው» እላለሁ። አለቀ። ደግሞ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

የዛሬ ነጋዴ እህልን በስልክ ነው የሚያየው። ነቀዙ ወጥቶ ፎቶ ሊነሳለት!

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የቀኝ ጆሮዬ ተደፈነ።

መጀመሪያ በላኝ። በክብሪት እንጨት ጎረጎርኩት፣ ባሰበት። ጤና አዳም ጨምቄ፣ ለብ ባለ ዘይት ለውሼ ጠብ አደረግኩበት። በማግሥቱ ጭራሽ ጥርቅም አለ... ውስጡም ይጠዘጥዘኝ ጀመር።

ከዚያ ደግሞ ድምፅ መጣ። ሰው ጠጠር ሲያኝክ የሚመስል።

አንድ ቀን ማስረሻ ከጆንያ ጆንያ ስንከራተት አየኝና፣ «እትዬ ቦሰና፣ ይረፉ እንግዲህ። ጆሮም ጡረታ ይፈልጋል» አለኝ፣ ተሸካሚዎቹ እየሰሙ።

ሳቁ።

አባቱ ነፍሱን ይማረውና እኔን ሳያማክር አንድ ቁና አይገዛም ነበር። ልጁ ተሸካሚ ሰብስቦ ያስቅብኛል።

ግን እውነት ለመናገር፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጆሮዬ ከጠፋ እኔ ምን ነኝ? መጋዘን በር ላይ የተጎለተች አሮጊት። ስለዚህ የናቅኩት ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሟ ሰኪና ትባላለች። የልጅ ልጄ የምታክል። መብራት ግንባሯ ላይ አስራ ጆሮዬ ውስጥ ስታይ ቆየች... ቆየች...

«እማማ፣ ምን ጨመሩበት?»

«መድኃኒት።»

«የምን መድኃኒት?»

ነገርኳት። ጭንቅላቷን ያዘች። ደግሞ ለጤና አዳም!

ጫፉ ቆልመም ባለ ቀጭን ብረት ስባ አወጣችና ሳህን ላይ ጣለችው። ጠቅ አለ።

ሽምብራ ነው። ያበጠ፣ ነጭ ቡቃያ ያወጣ ሽምብራ። መሬት ጠቦት እኔ ጆሮ ውስጥ በቅሏል!

«ጆንያ ላይ ጆሮዎን ሲደፉ ነው የገባው» አለች። «በክብሪቱ ወደ ውስጥ ገፉት። ፈሳሽ ሲጨምሩበት ደግሞ አበጠ። እህል ጆሮ ውስጥ ከገባ ውሃም ሌላም አይደረግበትም እማማ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።»

ዛሬ ሐኪም አክሞ ዝም አይልም፣ ይሰብካል። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፣ የጆሮ ዘበኛ ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ይወጣል አለች። እኛ በእንጨት እየገፋን ነው የምንደፍነው። ታምቡሬ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ያ ጤና አዳም ወደ ውስጥ ዘልቆ ጉድ ይሠራኝ ነበር። መግል ወይም ደም ከመጣ፣ ጆሮም በድንገት ከጠፋ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ቤት ነው።

«እሱስ ይሁን፣ ሲያኝክ የምሰማው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጆሮ ሲደፈን እንዲህ ያለ ድምፅ ይሰማል። እርጅናም ያመጣዋል፣ ከባድ ጩኸት ውስጥ መዋልም ያመጣዋል። አሁን ይሰማዎታል?»

አዳመጥኩ። ጸጥ።

ቁስሉ እንዳያመረቅዝ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጠችኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ፈተነችኝ።

«በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችና በወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም መትታ ሰጠችኝ።

ይህን ልብ በሉ። ድኛለሁ። ወረቀት አለኝ።

ማክሰኞ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሽምብራ ተራግፎ ነበር። ማስረሻ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ከንፈሩን ጣለ።

«እሺ፣ ያዳምጡና ይሂዱ።»

አንደኛውን ጆንያ አዳመጥኩ። ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ለብቻው ነበር። ሌሎቹ እንደ ሰካራም ተደጋግፈዋል... እሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ርግቦቹ መሬት ላይ የፈሰሰውን ሲለቅሙ፣ እሱ ሥር የፈሰሰውን አልነኩትም።

ጆሮዬን ደፋሁ።

ነቀዝ የለም።

ምንም የለም። ጤነኛ እህል እንኳ ሲረጋ ትንሽ ይንሿሿል። ይኼ ዝም።

እንዲህ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ። ሰው በር ጀርባ ቆሞ ሲያዳምጥ የሚሆነው ዝምታ ነው።

ትንፋሼን ለቀቅኩ... ከውስጥ ትንፋሽ ተለቀቀ።

ያዝኩ... ያዘ።

ጆንያው ጆሮዬ ላይ ሞቀኝ። የራሴ ሙቀት ነው ብዬ ጆሮዬን አንድ ስንዝር ወደ ታች አወረድኩት። እዚያ ቀዝቃዛ ነበር።

ቀስ ብሎ ሞቀ።

ተከትሎኝ ወርዷል።

በጥፍሬ ሁለት ጊዜ ቧጨርኩ። ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተቧጨረ። ከዚያ እኔ ሳልነካው... አንድ ጊዜ ጨመረ።

«ማስረሻ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምን ሆኑ?»

«ዝም በልና ና።»

«ነቅዟል?»

«ነቀዝ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እያዳመጠኝ ነው።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ይገረም የሚባል፣ ጉልበቱ ከራሱ የበለጠበት ተሸካሚ፣ «እትዬ፣ ሌላ ሽምብራ ቀርቶብዎት ይሆናል! እናርመው?» አለና ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ።

«የአባትህ ልጅ ከሆንክ ጆሮህን ድፋ» አልኩት ማስረሻን።

ሊያስቅ ብሎ ተንበረከከ። ጆሮውን ደፋ። እየሳቀ ነበር...

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ እኔን ግን አያይም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አዎ... እዚህ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ማን ጠራው? ከእኛ ማንም አፉን አልከፈተም።

ይገረም ሳቁን ዋጠና በብብቱ ገብቶ አነሳው። ጆንያውን ሊፈታው ቢላ ሲያወጣ፣ ማስረሻ «አትንኩት!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ማን?»

«አንተን የጠራህ።»

«ምንም አልሰማሁም። እትዬ ጆሮዎ ታሟል፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።» ጆሮውን ግን በመዳፉ ደፍኖ ነበር። ተሸካሚዎቹም አለቃቸውን አመኑ፤ እንጀራቸው ነዋ! በሁለት ቀን ውስጥ እህል በረንዳ በሙሉ «ቦሰና ጆሮዋ ሄደ» አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ጆንያ አዳምጪልኝ ብሎ አልጠራኝም።

ማስረሻ መጋዘኑን ዘጋ። ጭነት አይቀበልም፣ አይሸጥም። ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ነው የሚውለው። ይገረም «ጉንፋን ነው» ይላል። የጆሮ ጉንፋን! ደግሞ እኔን ያልተማረች ይሉኛል።

ትናንት በዚያው በአራት ሰዓት ሄጄ በበሩ ስንጥቅ አየሁ።

ጭነቱ በሙሉ ወጥቷል። መሐል መሬቱ ላይ ማስረሻ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ተቀምጧል። ያ ጆንያ ከጥጉ ተነስቶ ከኋላው መጥቷል። የተሰፋው አፉ ማስረሻ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሎ... ጥጡ ላይ ተለጥፏል።

ጆንያው በዝግታ ያብጥና ይሟሽሽ ነበር።

የማስረሻም ደረት አብሮት።

ከንፈሩ አላረፈም። ያወራል፣ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ያወራል።

በሩን በቡጢ ደበደብኩ። አላየኝም።

አንተ ማስረሻ! ስልክ ከእጅህ እንደማይለይ አውቃለሁ፣ ይህን ታነበዋለህ። ያን ጥጥ ከጆሮህ አውጣ። እህል በረንዳ መሐል ቁም። የሳቁት ሁሉ፣ ይገረምም ጭምር፣ እየሰሙ «ቦሰና የሰማችውን እኔም ሰምቻለሁ» በል!