ከዓሦቹ ጀርባ ያለው ስም

መጀመሪያ የወጣችው «ቱ» ነበረች።

ምሥራቅ ለዓሦቹ ምግብ ልትበትን እጇን ገንዳው ላይ እንደዘረጋች ቀረች። በውስጥ በኩል፣ ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ሰማያዊው ቀለም አንድ ቦታ አብጧል። ዝም ብሎ ያበጠ ቢሆን ግድ አልነበራትም። ይሄ ግን ቅርጽ አለው፤ መስቀለኛ ሆኖ በጎኑ አጭር ቅጥያ አውጥቷል። ሌላ ሰው ቢያየው አረፋ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ያቺን «ቱ» ታውቃታለች፤ በገዛ እጇ የጻፈቻት ናት።

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ወጥተዋል፣ የከሰዓቶቹ ገና አልገቡም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ከትንሿ የአየር ፓምፕ ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም። ዘበኛው ጋሼ ወልደ ገብርኤል፣ የቆመ ውሃ ባለበት ቤት በቀትር ብቻሽን አትቀመጪ ብለዋት ነበር። በቀትር ውሃ ዳር ማን እንደሚቀመጥ አልነገሯትም፤ ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ይህን የሚጠይቅ ልጅ የለም። ምሥራቅ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ጸሐፊ ናትና በእንዲህ ያለ ነገር አታምንም። ያን ቀን ግን ምግቡን ሳትበትን ወጣች።

ገንዳው የክበቡ ኩራት ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ቁመቱ ሰባ ሳንቲ፤ ፊቱ መስታወት፣ ሌላው ሁሉ ኮምፔርሳቶ። ኮምፔርሳቶው የተገኘው ከድሮው ሰባተኛ «ለ» ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ዓመት ከመንፈቅ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ያ ክፍል የተሰበረ ወንበር ማጠራቀሚያ ሆኖ እንደተቆለፈ ቀርቶ ነበር። ዘንድሮ ወንበሮቹ ሲወጡ የሳይንስ መምህሩ የሽዋስ የክፍሉን አሮጌ ጥቁር ሰሌዳዎች ለክበቡ አስፈቀዱ። ሰሌዳዎቹን የቆረጠው፣ ደራርቦ በብሎን ያሰረው፣ ማዕዘኑን በሲሊኮን የደፈነው ድረስ ነው። ድረስ የአናጺ ልጅ ነው፤ መጋዝ ሲይዝ ከአባቱ በላይ ይኮራል። አንዲት ጠብታ ካፈሰሰ ስሜን ቀይሩት ብሎ በክበቡ ፊት ፎክሯል።

ውሃ ከተሞላ ጀምሮ ግን በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ይጎድላል። ወለሉ ላይ ከትንሽ እርጥበት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ልጆቹ የሚጠጣው ነገር አለ አሉ። መምህር የሽዋስ ትነት ነው አሉ። ድረስ ግን በየዕረፍቱ እየመጣ ማዕዘኖቹን በጣቱ ይዳስሳል።

ምሥራቅ ምክንያቱን ታውቃለች። ከቀለሙ በፊት ሰሌዳዎቹን ጠርጎ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የእሷ ድርሻ ነበር። ሦስቱን ፋቀች። አራተኛውን ስታገላብጥ የጠመኔ ጽሑፍ አገኘች፤ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻው ዓርብ የተጻፈ ነው። ከላይ «ረባሾች» ይላል። ከሥሩ ያሉት ስሞች ወንበር ሲደገፍባቸው ተፋፍቀዋል። አንዱን ግን ጠመኔው እስኪሰበር ተጭና ስለጻፈችው እንዳለ ነው፦ ደብሪቱ ×3።

በሩ ላይ የድረስን ድምፅ ስትሰማ ጨርቁን ትታ ብሩሹን አነሳችና ጽሑፉን እንዳለ በቀለም ሸፈነችው። ጠረግሽው ወይ ሲላት ጠርጌዋለሁ አለችው። አቧራ ላይ የተቀባ ቀለም እንደማይዝ ደጋግሞ ነግሯት ነበር።

ያኔ የክፍል አለቃ ነበረች። መምህር ሲወጣ አለቃ ያወራውን ሰው ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ደጋግሞ ላወራ ከስሙ አጠገብ ቁጥር ይጨምርበታል። ደብሪቱ በዚያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጥፋቷ ሌላ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ከምሥራቅ አጠገብ ተነሥታ ከሌላ ልጅ ጋር መቀመጥ ጀምራለች። ሦስት ጊዜ የተጻፈበት ወላጅ ያምጣ ተባለ። ደብሪቱ አላወራሁም ብትል እናቷ አላመኗትም። ተኳርፈው ደጀን አክስቷ ዘንድ ሄደች፣ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሲከፈትም አልተመለሰችም። አሁን ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ በሚሸጥ ቤት ሳህን ታጥባለች ይባላል። ሁሉም የመዘጋቱ ጣጣ ነው ይላል፤ ምሥራቅም አብራ ትላለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ይከብዳት ጀመር።

«ቱ» በወጣች ማግስት «ሪ» ወጣች። ከዚያ «ብ»።

ውሃው አረንጓዴ እየሆነ ስለሄደ የኋላው ግድግዳ የሚታየው በቀትር ብቻ ነው፤ ፀሐይ ከጣሪያው ብርሃን ማስገቢያ ቀጥ ብላ ስትወርድበት። ልክ በዚያ ሰዓት ደግሞ አሥራ ሁለቱ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች፣ ሌላ ጊዜ በየማዕዘኑ የሚበተኑት፣ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ግድግዳው ላይ ይሰለፋሉ። ያበጠውን ቀለም ከዳር ዳር እየነጩ ይለቅሙታል። ሰማያዊው በተላጠበት ጥቁሩ ሰሌዳ ብቅ ይላል፤ ፊደሎቹም በጥቁር ይነበባሉ። ዓሦቹ ፊደል ከሌለበት ቦታ ላይ አይለቅሙም። ምሥራቅ ብርሃኑ ነው፣ ያበጠው ቀለም ላይ አልጌ ስለሚበቅል ነው ብላ ለራሷ አስረዳች። ማስረዳቱ ፍርሃቷን አልቀነሰላትም። ከውጭ በኩል እጇን ብታሳርፍበት እንጨቱ ቀዝቅዞ፣ እንደራሰ ዳቦ ሰርገድ አለላት። ከዚያ ወዲያ አልነካችውም።

ድረስ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት ለብቻዋ ጠርቷት ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ነገራት። አንደኛው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደርቤ መሆን አለበት አለ። ለመምህር የሽዋስ ተናግሮ፣ የወላጆች ቀን ሳይደርስ፣ ቅዳሜ ውሃውን አፍስሶ ግድግዳውን ሙልጭ አድርጎ ሊፍቀው አስቧል።

«ፋራ ሆንኩ በቃ» አለ፤ ዓይኗን አላየም። «ከአሁን በኋላ ማን ሥራ ይሰጠኛል?»

ምሥራቅ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ደግሞ አሳፈራት። ሁለት ቀን ዝም ካለች ስሙ ዱቄት ሆኖ ይጠረጋል፣ ድረስም የሠራው ነገር እንደማያፈስ ሁለተኛ አያምንም።

ዓርብ በቀትር ስትገባ ከገንዳው ሥር ሰው ተንበርክኮ አየችና ክው አለች። እትዬ ብዙዬ ነበሩ፤ ወለሉን ይወለውላሉ። እትዬ ብዙዬ የደብሪቱ እናት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በጽዳት ተቀጥረዋል። ሴት ተማሪዎችን ባገኙ ቁጥር እናታችሁን አትዋሹ ይላሉ፤ ልጃቸው ዋሽታቸው እንደሄደች ከማንም አይደብቁም። ከልጃቸው ጋር ከበዓል በቀር አይደዋወሉም። ምሥራቅ ይህን በሰማች ቁጥር አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። አሁን ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ፀሐይዋም ግድግዳው ላይ ወርዳለች። «ደ» በሌሊት ወጥታለች። ስሙ ከነቁጥሩ ሙሉ ነው። ዓሦቹ ከሥሩ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይገጥማሉ።

እትዬ ብዙዬ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ እየጨመቁ ቀና አሉ።

«ምሥራቅ ልጄ፣ ይሄ ጽሑፍ ነው አይደል? እኔ ፊደል አልለይም። ግን በመጣሁ ቁጥር ይጨምራል፤ ዛሬስ ፈራሁት። ምን ይላል?»

የቀለም እብጠት ነው የሚለው መልስ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ቀላል ነበር፤ ሴትዮዋ ያምኗታል። ሰው የሚሉትን ሲያምን እንዴት እንደሚያይ ምሥራቅ ያን ጊዜ አየች፤ ደብሪቱ በዚህ ዓይን ታይታ እንደማታውቅም አሰበች። የገንዳውን ጠርዝ ያዘች።

«ደብሪቱ ይላል» አለች።

እትዬ ብዙዬ አልደነገጡም፤ ወይም ድንጋጤያቸው ፊታቸው ላይ አልወጣም። እርጥቡን እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።

«የእኔዋ?»

«አዎ። ድሮ የተጻፈ ነው፤ ረባሾች በሚለው ሥር።»

«አጠገቡ ያለውስ?»

«ሦስት ጊዜ አወራች ማለት ነው።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

እትዬ ብዙዬ ወደ መስታወቱ ተጠግተው የማያውቁትን ፊደል በጣታቸው ተከተሉት።

«ስንት ጊዜ አውርታ ነበር?»

«አንድም ጊዜ አላወራችም። ውሸቴን ነው የጻፍኩት፣ እትዬ። እርስዎን አልዋሸችዎትም።»

ይቆጡኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እትዬ ብዙዬ ግን የክፍሉን ግድግዳ ተደግፈው እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከስሙ ላይ ተንሸራታ እስክታልፍና የገንዳው ግድግዳ መልሶ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ከዚያው አልተነሡም።

«በቅዱስ ማርቆስ ምላልኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የማርቆስን ስም በሐሰት አትጥሪ፣ ከፊቴ ጥፊ አልኳት። ጠፋችልኝ።»

ምሥራቅ ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ከፊቷ ያሉት ሴትዮ ሳያለቅሱ እሷ ማልቀስ ነውር መሰላት። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ቅዳሜ ስሙ ሊፋቅ እንደሆነ፣ ድረስም ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ እንደተቀመጠ ነገረቻቸው። ዛሬውኑ ለእሱም እነግረዋለሁ አለች። እትዬ ብዙዬ የሰሙ አይመስሉም። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረች ትንሽ ስልክ ፈቱ፣ አንድ ቁጥርን ረዘም አድርገው ተጫኑና ለእሷ ዘረጉላት።

«እኔ ምን ብዬ እጀምራለሁ?» አሉ። «አንቺ ጀምሪላት።»

ስልኩ ጠራ። ምሥራቅ ጥሪው ባይነሳ ምናለ ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ እንዲነሳ ለመነች። ከወዲያ በኩል የሳህን ኳኳታ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ ከዚያ የምታውቀው ድምፅ፣ ትንሽ ጎርነን ብሎ፣ በጥርጣሬ መጣ።

«እማ?»

«እናትሽ አይደሉም፤ አጠገቤ ናቸው» አለች። «ምሥራቅ ነኝ። ደብሪቱ፣ እባክሽ እስክጨርስ አትዝጊው።»