ጋሽ በቀለ ሙዚቃ ቤት የተዘጋ ዕለት

ስለ መንፈስ ሲወራ «ሻይ ላፍላ» ብዬ ከመካከል የምነሳ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ይህን የማወራላችሁን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ፊቱ ላይ ባልስቅ እንኳ ቤቴ ገብቼ እስቃለሁ፤ ግን በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ከለስላሳ በቀር የቀመስኩት ነገር አልነበረም።

ናይሮቢ የምሠራው እርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው፣ ቢሮዬም ቤቴም ላቪንግተን፣ ዛፍና አጥር ብቻ የሆነ ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ግርግር ወደማያጣው ኢስትሊ፣ ጋሽ በቀለ ሙዚቃ ቤት እሮጥ ነበር። ፎቅ ላይ ያለች የጣውላ ወለል ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ በካሴትና በሸክላ የተሞላ፣ መስኮት የሚባል የሌላት። ጋሽ በቀለ «ምን ልስጥሽ» አይሉም፣ «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ይላሉ፣ ከፍቶኛል ካልሽ ሌላ፣ ደስ ብሎኛል ካልሽ ሌላ ያሰሙሻል፣ ሳትገዢ ብትወጪም ቅር አይላቸውም። እንግዲህ ምን ያደርጋል፣ የተገለበጠ ሲዲ መንገድ ለመንገድ መቸብቸብ ጀመረ፣ ቀጥሎ ሰው ዘፈኑን በስልኩ ይዞ መዞር ጀመረ፣ እሳቸውም አንድ ቀን «ልዘጋ ነው» አሉን።

«ግን ማንም እንዳያለቅስብኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኑና ጨፍሩልኝ።»

ሄድን። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ማማ ዋንጂኩ ነበረች፣ ጨርቅ ነጋዴው አብዲ ነበረ፣ ሶማሌ ነው ግን አማርኛው ከኔ ይሻላል፣ ሌሎችም ደንበኞች ነበሩ። ሳምቡሳ ተበላ፣ ተሳቀ፣ ማማ ዋንጂኩ እስክስታ ልሞክር ብላ ትከሻዋ እምቢ ሲላት ራሷ እየሳቀች መሬት ተቀመጠች። ውጭ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ጠፋ፣ «ስቲማ ሄደ» አለች ማማ ዋንጂኩ በስዋሂሊ፣ እዚያ ከተማ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልደነገጠም፣ ጋሽ በቀለ ሻማ ለኮሱ፣ እኛም የሚቀጥለውን ዘፈን ይዘን ጨፈርን።

ምን ዓይነት ዘፈን እንደነበር ልንገራችሁ። አባቴ ጢሙን ሲላጭ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች፣ ቃል የላትም፣ ሁልጊዜ እም እያለ ነው። እሷን ነው የሰማሁት፣ በማሲንቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነግጥሟ። እንዲያ ጨፍሬ አላውቅም፣ ሁላችንም አንድ ላይ ስንመታ ወለሉ ከስራችን ይዘላል፣ ከደስታዬ ብዛት እንባዬ ይወርዳል።

ዘፈኑ ሲያልቅ አጨበጨብንና፣ «ጋሽ በቀለ፣ ይሄን እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው?» አልኳቸው።

ካርቶን ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ። «የቱን ሂሩትዬ?»

«አሁን ያጫወቱትን።»

«እኔ ምንም አላጫወትኩም፣ መብራት የለም እኮ።»

በባትሪ መስሎኝ ነበር፤ ተነሡና የተቀመጡበትን ካርቶን ከፈቱት፣ ቴፑ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ ተኝቷል። መብራት ሲጠፋ በቃ አለቀ ብለው ከተውት ኖሯል።

አብዲ ሳቀ። «ታዲያ ኡዱን ማን መታው?»

«የምን ኡድ፣ ማሲንቆ ነው እንጂ» አልኩ። ማማ ዋንጂኩ ምን እንደምንከራከር ጠየቀችን፣ ስንነግራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ «አኮርዲዮን ነው የሰማሁት፣ አባቴ ሠርግ ላይ ይጫወተው የነበረውን፣ አኮርዲዮኑ ደግሞ አብሮት ተቀብሯል» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

«እርስዎስ ጋሽ በቀለ፣ ምን ሰሙ?» አልኳቸው።

«ምንም። ሻማ ይዤ፣ ያለ ሙዚቃ ስትጨፍሩ ሳይ፣ ለኔ ክብር ብላችሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።» ዕድሜ ልኩን ሰው ያስጨፈረ ሰው እሱ ብቻ ሳይሰማ በመቅረቱ፣ እኔ ነኝ ያዘንኩት። አንድ በአንድ የሰማነውን አንጎራጎርንላቸው፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፣ ሱቁን የዘጉት እንዲያ ፈገግ እንዳሉ ነው።

አሁን ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ደህና ናቸው፣ በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ «እውነት ያን ቀን ምንም አልሰሙም?» አልኳቸው።

«ሙዚቃ አልሰማሁም፣ እግር ግን ሰምቻለሁ» አሉኝ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው። «ያኔ እንዳትሸበሩ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ። ወለሉን ይረግጥ የነበረው ከእናንተ ይበዛ ነበር።»

«ማነው?»

«አላውቅም ልጄ። ብቻ ማንም ይሁኑ፣ ደስ ብሏቸው ነበር።»

ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ፣ ይኸው እስካሁን አልወሰንኩም። ግን አንዳንዴ ቤቴ መብራት ሲጠፋ እግሬ በራሱ ጊዜ መሬቱን መምታት ይጀምራል፣ እኔም ጉልበቴን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ ሌላ እግር ይከተለው እንደሆነ አዳምጣለሁ።