አራተኛው መብራት

በግንቦት ወር፣ ረቡዕ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከካዛንላክ ወጣ ብሎ በሚገኘው አሮጌ የጽጌረዳ ዘይት ማንጠሪያ ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ቬሊን ካራስቶያኖቭ፣ ኦግኒያን ቫሌቭ፣ ኢስክራ ቶንቼቫ፣ ሽማግሌው ዝላትኮ ጌሮቭ እና ኦዲተሯ ላዛሪና ሚንኮቫ። ምሳው ተበልቶ ሲነሣ በሕይወት የቀሩት አራቱ ብቻ ነበሩ።

ቬሊን የተገኘው ምድር ቤት፣ ሰርቨሮቹ በተደረደሩበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በግንባሩ ተደፍቶ አንድ እጁን ወደ በሩ ዘርግቷል። ደም የለም፤ ቁስልም የለም። የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ተለቆበት አየር አጥቶ ነው የሞተው። እሳት ግን አልነበረም። ጋዙን የሚለቀው ቀይ እጀታ ከበሩ ውጭ ነው ያለው፤ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ስቦታል። ከደፉ ላይ የተሰበረ ሳህንና የፈሰሰ የቦሎቄ ሾርባ አለ።

መርማሪ ስኔዣና ድራጊዬቫ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለችና ሾርባውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እመቤቴ፣ አይድከሙ፤ ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው የከተማው ፖሊስ አዛዥ። «ልጅቷ ናት፤ ኢስክራ። የሚወስዳት መኪና መንገድ ላይ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«በመብራቱ ነዋ!»

ወደ ላይ ወጡ። የምሳው ጠረጴዛ እንደነበረ ነው። ዳቦው ደርቋል፤ ባኒጻ በሚሉት የአይብ ቂጣ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ከግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፤ በስክሪኑ ላይ አራት መብራቶች አሉ። አራቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ዝላትኮ ውሃ ተቀድቶለት አልጠጣም፤ ብርጭቆውን ሁለት ጣት ያህል ከራሱ ገፋ አደረገው። ከወለሉ ሥር የሰርቨሮቹ እምምታ ይሰማል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ኢስክራ እግሯን ከመሬት ታነሣለች።

መብራቶቹ የአራት ዘይት አንጣሪዎች ናቸው፤ የቬሊን፣ የኦግኒያን፣ የኢስክራና የዝላትኮ። በሸለቆው ዘይት አንጣሪ ሁሉ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ሐሰተኛ ዘይት ይቀላቅላል ይለዋል። ስለዚህ አራቱ ድርጅቶች ብሎክቼይን የሚባል የራሳቸው የጋራ ዲጂታል መዝገብ ሊዘረጉ ተስማሙ። የእያንዳንዱ በርሜል ታሪክ እዚያ ይጻፋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ካልተስማሙ አይጻፍም፤ ከተጻፈ ደግሞ ማንም አይፍቀውም። ፕሮግራሙ ኮንቴይነር በሚባል የሶፍትዌር ጥቅል ታሽጎ በአራት ሰርቨሮች ላይ ተቀምጧል። ኩበርኔትስ የሚባለው ሥርዓት ከላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ አንዱ ኮንቴይነር ከወደቀ ወዲያው ሌላ ይተካል። ሆኖም የተተካው መሥራት የሚጀምረው ባለቤቱ ምድር ቤት ወርዶ የይለፍ ቃሉን በእጁ ሲጽፍ ነው። እስኪጽፍ ድረስ መብራቱ ቀይ ነው። ሕጉ ይህ ነበር።

«ዛሬ ልምምድ ነበር» አለ ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ኦግኒያን። «ኮንቴይነሮቹን በየተራ እንጥላለን፤ ባለቤቱ ወርዶ ያስነሣል። የመጀመሪያው ተራ የቬሊን ነበር፤ ምሳ ላይ። ቀደም ብሎ ወረደ። ስንበላ የእሱን ከዚሁ ጣልኩት፤ መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። 'ጻፈ፣ አሁን ይመጣል' ተባባልን።»

«ያኔ አራታችሁም እዚህ ነበራችሁ?»

«አራታችንም። ከዚያ ኢስክራ ብቻዋን ወረደች።»

አዛዡ እጆቹን ዘረጋ። «አዩ? መብራቱ ሲበራ ሰውየው በሕይወት አለ። ከዚያ በኋላ ከጠረጴዛው የተነሣችው እሷ ብቻ ናት።»

ኢስክራ ራሷን ነቀነቀች።

ስኔዣና ከኪሷ የሱፍ ፍሬ አወጣች፤ አንዱን ፈልፍላ ልጅቷን ወደ ማእድ ቤት ጠራቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ። ማንም አይነካሽም። ለምን ወረድሽ?»

«ሾርባ ላደርስለት። በሩን ስከፍት የሆነ ብርድ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ፤ ራሴን አዞረኝ። ሳህኑ ወደቀ። ሮጥኩ። እመቤቴ፣ በናቴ ይዤዎታለሁ፣ እኔ አይደለሁም! እዚህ ካሉት አንዱ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል አታስቀምጡኝ።»

«ሾርባውን ማድረስ ያሰብሽው ራስሽ ነሽ?»

ኢስክራ ዓይኗን ጠረገች። «አይ፤ ላዛሪና ናት። 'የኔ ቆንጆ፣ ለጓደኛሽ ሳይቀዘቅዝ አድርሺለት' አለችኝ።»

ቀጥሎ ዝላትኮ ገባ። ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል፤ ጠዋት የተለቀመው አበባ ጀምበር ሳትጠነክርበት ወደ ማንጠሪያ ጋኑ መግባት ስላለበት ሲጣደፍ ነው የዋለው።

«ጋሼ ዝላትኮ፣ ከምሳ በፊት የት ነበሩ?»

«ጋኖቼ ጋ። ኦግኒያን ሲጃራ ሊያጨስ ወጣ፤ ልጅቷ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ኦዲተሯ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ሁላችንም ተበታትነን ነበር።»

«ቬሊን እንዴት ነበር?»

ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠዋት ከምድር ቤት ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ደረጃው ላይ ሁላችን ባለንበት 'ምሳ ላይ ለሁላችሁ የምናገረው አለኝ፤ አትወዱትም' አለ። ሳይናገር ቀረ።»

«የይለፍ ቃላችሁን መጀመሪያ ስታወጡ እንዴት ነበር?»

«እሱማ መሳቂያ ነበር! አንዱ ሊጽፍ ሲቀመጥ ሦስታችን እንደ ተቀጣ ተማሪ ወደ ግድግዳው ዞረን እንቆማለን። ላዛሪና ከኋላችን ሆና 'እንዳትዞሩ!' እያለች ትቆጣናለች። ኢስክራማ ባሰች፤ ገና ሳንዞር ሻርፗን አውልቃ እጆቿ ላይ ጣለችው። 'ምነው፣ ሕፃን ጡት ታጠቢያለሽ እንዴ?' ብያት ስንስቅ ዋልን።»

ስኔዣና የፈለፈለችውን ፍሬ ሳትበላ በእጇ ያዘችው።

ኦግኒያንን በኮሪደሩ አገኘችው። ያጨሰውን ሲጃራ ሳያጠፋ ሌላ ለኩሷል።

«አቶ ቫሌቭ፣ መብራቱ ሰው ሳይነካው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል?»

«ክልክል ነው።»

«ክልክል ነው ወይ አላልኩም። ይቻላል ወይ ነው ያልኩት።»

ኦግኒያን ጭሱን ዋጠው። «ኩበርኔትስ የምስጢር ማስቀመጫ አለው። አንድ ሰው የይለፍ ቃሉን እዚያ ቢያስገባው፣ ኮንቴይነሩ ሲነሣ ራሱ አንሥቶ ይጠቀምበታል። ግን ይህን ማንም አያደርግም! ሥራችን ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።»

«ለዚህ ነው እስካሁን ማናችሁም ያላሰባችሁት። ማስቀመጫውን መክፈት የሚችለው ማነው?»

«እኔ፣ ኢስክራ፣ ቬሊን። ላዛሪናም ለፍተሻ ፈቃድ ሰጥቻታለሁ። ልክፈተውና ልይልዎት?»

«ተው። አንተ አይተህ ብትነግረኝ አንተን ማመን ሊኖርብኝ ነው። ሲነሣ ግን ሁሉም ያየዋል።» ሳታውቀው አንተ ብላዋለች፤ እሱም ልብ አላለውም።

ሬሳው ወጥቶ ምድር ቤቱ አየር ከገባበት በኋላ ስኔዣና በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። አራቱን በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ውጭ የመኪና ድምፅ መጥቶ ቆመ። ኢስክራ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች።

«መኪናው ይቆይ» አለች መርማሪዋ። «አቶ ቫሌቭ፣ ሁሉንም ኮንቴይነሮች ይጣሏቸው። ከዚህ ማንም አይነሣም፤ ከታችም ማንም የለም።»

ኦግኒያን ላፕቶፑን ስቦ ጻፈ። አራቱም መብራቶች ቀይ ሆኑ።

የቬሊን መብራት አረንጓዴ ሆነ።

«ማርያም ድረሺ!» አለ ዝላትኮ አማትቦ። የሞተ ሰው ከምድር ቤት ሆኖ የጻፈ ያህል ሁሉም ወደ ወለሉ አዩ።

የዝላትኮ መብራት አረንጓዴ ሆነ። የኦግኒያንም ተከተለ። አራተኛው ቀይ እንደሆነ ቀረ። ጠበቁ። ምንም የለም።

«የኢስክራ ነው» አለ ኦግኒያን ቀስ ብሎ።

ላዛሪና ቀና አለች። «ይኸው! የሌሎቻችሁን ሰርቃ የራሷን አላስገባችም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

ኢስክራ አለቀሰች። አዛዡም ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ቁም» አለችው ስኔዣና። «በቅደም ተከተል እንሂድ። መብራቱ ሰው ሳይነካው ይበራል። ስለዚህ ምሳ ላይ ሲበራ ቬሊን ሞቶ ሊሆን ይችላል። የሞተውም ከምሳ በፊት፣ ሁላችሁም ተበታትናችሁ ሳለ ነው። የውሸቱ መብራት የሚጠቅመው ማንን ነው? ከጠረጴዛው ያልተነሣውን። ይህን ያዘጋጀ ሰው ቁጭ ብሎ ሾርባውን ይበላል እንጂ በራሱ እግር ብቻውን ወደ ሬሳው አይወርድም።»

«ፈርታ ተሳስታ ይሆናል» አለች ላዛሪና።

«ይሁን። ታዲያ የይለፍ ቃሎቹ እንዴት ተሰረቁ? አቶ ቫሌቭ፣ እርስዎ በማሽን ሊሰርቁ ቢፈልጉ ስንቱን ያገኙ ነበር?»

«አራቱንም።»

«አራቱንም። ማሽን ሻርፕ አያግደውም። ሌባው ግን የኢስክራን ብቻ አላገኘም፤ የኢስክራ እጅ ብቻ ነበር የተሸፈነው። ስለዚህ የሰረቀው በዓይኑ ነው። ጋሼ ዝላትኮ፣ ቬሊን ሲጽፍ ኢስክራ የት ነበረች?»

«ከጎኔ፣ ግድግዳው ላይ። ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካኝ ነበር።»

«ኦግኒያንስ?»

«በዚያኛው ጎኔ።»

«ያለ ፍርሃት ሊያይ የሚችል፣ ግድግዳ ያላየ ሰው ማን ነበር?»

ዝላትኮ ወንበሩን ከላዛሪና አራቀ፤ የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ኢስክራ ደነገጠች።

«'እንዳትዞሩ' የምትል እሷ ነበረች» አለ ሽማግሌው። «እኛም እንደ ሞኝ አልዞርንም።»

«አንድ ቃል ለመጻፍ ከአራቱ ሦስቱ ከተስማሙ ይበቃል» አለች ስኔዣና። «ሦስቱን አይተው ማስቀመጫው ውስጥ አስገብተዋል ወይዘሮ ሚንኮቫ፤ አራተኛው አያስፈልግዎትም ነበር። የከፈለዎት ሁሉ ሐሰተኛ ዘይት በእነዚህ ሰዎች ስም እውነተኛ ተብሎ ይወጣል። ቬሊን ዛሬ ጠዋት እሱ ሳይጽፍ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አየ። ምሳ ላይ ሊናገር ነበር፤ እርስዎም ደረጃው ላይ ሆነው ሰሙት። እጅዎን ሊታጠቡ ሄዱ። ከዚያ ይህችን ልጅ ሾርባ አስይዘው ላኳት።»

ላዛሪና ስክሪኑን አላየችም። ሦስቱ ሲበሩም አላየችውም ነበር።

«ለመንኩት» አለች በመጨረሻ። «በሩ ላይ ቆሜ ለመንኩት። 'ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገሪ' አለና ጀርባውን ሰጠኝ።»

«እኔንስ?» አለች ኢስክራ። ከወንበሯ ተነሣች። «እኔ ምን አደረግኩሽ?»

ላዛሪና ኮቷን አነሣች።

በመጣው መኪና የሄደችው ላዛሪና ናት። በማግስቱ ኦግኒያን የምስጢር ማስቀመጫውን ባዶ አደረገ፤ እሱና ዝላትኮም አዲስ የይለፍ ቃል አወጡ። የቬሊን መብራት ጠፍቶ ቀረ። ኢስክራ የመጨረሻዋ ሆና ወደ ምድር ቤቱ ወረደች፤ ብቻዬን አልገባም ስላለች ዝላትኮ አብሯት ገብቶ ሳይነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ሻርፗን እጇ ላይ ጣል አድርጋ ጻፈች፤ አራተኛው መብራት አረንጓዴ ሆነ።