ውኃ የምታደርሰው ልጅ

ልጆቼ፣ ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ መጀመሪያ የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ እነሱ ራሳቸው የሚያውቁት ቆይተው ነው። የቢሆነኝና የፅዮንም ነገር እንደዚያ ነበር።

ቢሆነኝ በድንበር ከተማችን በሸሕዲ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝለት ላፕቶፑን ከፍቶ ጌም ይሠራል። አንድ ቀን የጎረቤቴ የባየልኝ ልጅ ፅዮን ስልኳን ልታሠራ ገባችና ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ሜዳው የኛው ቆላ ነው፤ ዋልካው የተሰነጣጠቀ፣ ሰማዩ በሙቀት የሚርገበገብ። አንዲት ልጅ ጀሪካን ተሸክማ ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ ትሄዳለች።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ሰሊጥ ለሚያጭዱት ውኃ ልታደርስ።»

«አታርፍም እንዴ?»

«የሚያሳርፋት ካገኘች ታርፋለች» ብሎ ላፕቶፑን ወደሷ ገፋ አደረገላት።

ስልኩ ተሠርቶ አለቀ። ፅዮን ግን ገና ከዚያች ልጅ ጋር ጥላ ሥር ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ መበላሸት አበዛ። አሰበች የምትባለው እናቷ፣ «ይሄ ስልክ ልብ አለው እንዴ? ያን ሱቅ ሳያይ አይድንም» እያለች ትስቅባት ነበር።

በጌሙ ውስጥ ላለችው ልጅ ድምፅ የሰጠቻት ፅዮን ናት። የአጨዳ ዜማ ታንጎራጉራለች፣ እሱ ይቀዳል። ስትጨርስም መቅጃውን ቶሎ አያጠፋውም። ትንፋሿንም አብሮ ቀድቶት ይሆናል።

ኋላ ላፕቶፑ አርጅቶ እየቆመ ሥራውን አጓተተበት፤ አዲስ መግዣም አልነበረውም። ጎንደር ያለው ጓደኛው ካሌብ ደወለለት። «በኢንተርኔት መዋጮ ጠይቅ እንጂ። መጀመሪያውን አሳያቸው፤ የወደደው ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ ስትጨርስ ጌሙን ትልክላቸዋለህ። ደቦ በለው። እምቢ ካልክ ደግሞ ተወውና እኔ ጋ መጥተህ ተቀጠር።»

ቢሆነኝ ግን ሲያመነታ ሰነበተ። ፅዮን ተከፋች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ቆማ፣ ሳትገባ፣

«የኔ ድምፅ ስላለበት አፍረህ ነው?» አለችው።

«አይደለም።»

«እንግዲያ ጎንደር አምሮሃል።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ደቦ የጠራ ሰው ማሳው የት እንደሚያልቅ ያሳያል። እኔ ለጌሙ መጨረሻ የለኝም። ከመጨረሻው ዛፍ ሥር ልጅቷን የሚጠብቃት ሰው አለ። አብራው ትቀመጥ፣ ውኃውን ሰጥታው ትመለስ፣ አላውቅም። ሰው አምኖኝ ካዋጣ በኋላ አላውቅም ልበለው?»

«ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?»

ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ እሷ መሬት መሬቱን አየች። ፊቷን አዙራ ሄደች።

ሰሊጥ ፍሬው አፉን ሳይከፍት ይታጨዳል፤ ከዚያ ነዶው ቆሞ ፀሐይ እስክትከፍተው ይጠበቃል። ቸኩለው ቢያራግፉት አይሰጥም። ቢሆነኝም የቆላ ልጅ ነውና ይህን ያውቃል። አልደወለላትም፤ ጎንደርም አልሄደ።

ነዶው ደርቆ ባየልኝ ሰሊጥ ለማራገፍ ደቦ ሲጠራ፣ ቢሆነኝ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። ሸራው ተነጥፏል። ፅዮን አንድ ነዶ አቅፋ መጥታ ፊት ለፊቱ ገለበጠችው። ሰሊጡ ሸራው ላይ እንደ ካፊያ ፈሰሰ። ሁለቱም ድምፁን ሲሰሙ ቆዩ።

«ይሄን አልቀዳኸውም» አለችው።

«ገና ብዙ ነዶ አለ።»

ባዶውን አገዳ ወደ ጎን አደረገችና በዝግታ፣ «አብራው ትቀመጣለች» አለች። «አሁን መጠየቅ ትችላለህ።»

«መዋጮውን?»

«አንተ ደሞ። መጀመሪያ አባቴን። ሕዝቡ ይደርሳል።»

እሑድ ጠዋት እኔና ጎረቤታችን ጀምበሩ ለቢሆነኝ ሽማግሌ ተልከን ባየልኝ ደጅ ቆምን። ነገራችንን ሰምቶ «ይህ ልጅ አገር ለቆ ይሄዳል ሲሉ አልነበር?» አለን።

«እዚሁ ነው የሚሠራ። ሕዝብ ያግዘዋል፤ ደቦ ነው» አልነው።

ባየልኝ ራሱን ነቀነቀ። «የኔን ማሳ እስከ መጨረሻዋ ነዶ ሳያራግፍ አልሄደም» አለ። ቀጥሎም፣ ገበያ ሲቀናው እንደሚለው፣ እንደ ድንበሩ ነጋዴዎች በዐረብኛ «ኩዌስ» አለ፤ ‹ጥሩ ነው› ማለቱ ነው። ሚስቱ አሰበች ጓዳ ውስጥ ስትስቅ ተሰማን።

መዋጮው በዚያው ሰሞን ተጠየቀ። ገና አልሞላም፤ ከማናውቀው አገር፣ ከማናውቀው ሰው ጠብ ጠብ ይላል። ቢሆነኝ ግን በዚያው አሮጌ ላፕቶፕ መጨረሻውን ሠርቶታል። እኔም ሱቁ ገብቼ ሞክሬዋለሁ። ልጅቷን ጥላ ለጥላ እያሳረፍኩ ወሰድኳት። ከመጨረሻው ዛፍ ሥር ጀሪካኗን አወረደች፤ ሰውየው ጠጋ አለላት። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ብትነካኩትም አትነሳም። ነፋስ ብቻ ነው፤ በነፋሱ ውስጥ ሰሊጥ ሲፈስ ይሰማል።