ቅባት የነካው ደጋን

«ድንቢጥ! አሁን መድረክ ላይ ካለችው ልጅ ቀጥሎ አንቺ ነሽ፤ ተዘጋጂ!» መምህሩ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ ተናገረና ወዲያው ጠፋ።

ድንቢጥ የተባለችው ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ትንሿ ስለሆነች ነው። ዛሬ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከወትሮውም ያነሰች መሰላት። ቤቷ በሯን ዘግታ ስትጫወት ቫዮሊኑ እንደ ልቧ ይታዘዝላታል። ሰው ፊት ስትቆም ግን ቀኝ እጇ የሷ መሆኑ ይቀራል። ደጋኑ ክሩ ላይ ይዘላል፤ የዜማዋ ረጅም የመጀመሪያ ድምፅ እንደ ፍየል ጩኸት ይርገበገባል።

ክፍሉ ውስጥ ያልፈራ ሰው አልነበረም። ዋሽንት የምትነፋዋ ልጅ አፌ ደረቀ እያለች ውሃ ትጠጣለች። ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ባዶ አየር ላይ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ከሷ ቀጥሎ ቫዮሊን የሚጫወተው ጓደኛዋ ቀጮ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያስመልሰዋል፤ ድምፁ እስከዚህ ይሰማል።

የትምህርት ቤቱ ደንብ ቁርጥ ያለ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የመድረክ ፈተናውን ያልተጫወተ፣ በውሰት የያዘውን መሣሪያ ይመልሳል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሞልቷል። በቂ ምክንያት ያለው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ድንቢጥ ቫዮሊኑን መመለስ አትችልም። ወደዚያ መድረክ መውጣትም አትችልም። ስለዚህ ምክንያት ያስፈልጋት ነበር።

እናቷ ጠዋት ፀጉሯን በቅባት አለስልሳ ነበር የጎነጎነችላት። ድንቢጥ ግራ ቀኙን አየችና ጣቶቿን ወደ ጉንጉኗ ሰደደች። ከዚያ ደጋኑ ላይ የተወጠረውን የፈረስ ፀጉር ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸችው። የቫዮሊን ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ይህን ፀጉር በእጁ እንዳይነካ ነው። ቅባት ካገኘው ክሩን አይዝም፤ ይንሸራተታል፣ አለቀ።

«ቲቸር፣ ደጋኔ እምቢ አለኝ» አለች መምህሩ ሲመለስ። ድምፅዋ የተንቀጠቀጠው የምሯን ነው።

መምህሩ ተቀብሎ ሞከረው። ከሹክሹክታ በቀር ምንም አልወጣም። «ቅባት ነክቶታል! ማነው የነካው?»

«እኔ እንጃ።»

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ምን ይደረጋል የኔ ልጅ፣ ትርፍ ደጋንም የለን። ለሚቀጥለው ወር መተላለፍሽ ነው።»

ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ተነሳላት። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«የኔን ትውሰድ» አለ ቀጮ፣ ፊቱን ታጥቦ እየተንጠባጠበ ሲገባ።

«አንተስ በምን ልትጫወት?» አለው መምህሩ።

«ስትጨርስ ትመልስልኛለች። ካልመለሰችልኝም ግልግል ነው!»

መምህሩ ሳቀ። «እስቲ ያዥው። የሰው ደጋን ለሁሉም አይመችም፤ ፈታኞቹ ጋ ደርሼ ስመጣ ትነግሪኛለሽ።» ብሎ ወጣ።

ድንቢጥ ቀጮ ላይ አፈጠጠችበት። «ምን ጥልቅ አደረገህ? ማን ለመነህ?»

«ድንቢጥ፣ እጅሽ እኮ ቅባት ቅባት ይሸታል።»

ክው አለች። «ልታሳብቅብኝ ነው?»

«እኔ? ባለፈው ዓመት ክሬ ተበጥሶ የተላለፍኩት ትዝ ይልሻል? በራሱ የተበጠሰ መሰለሽ እንዴ? በጥፍር መቁረጫ ነው!»

«አትቀልድ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወሩን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ከረመ። ዛሬ የዛሬውን ብቻ ነው ያስመለሰኝ።»

«አሁን አትፈራም ማለት ነው?»

«ያምሻል እንዴ? ሞቻለሁ እኮ!» የእውነትም ከንፈሩ አመድ መስሏል።

አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። መምህሩ ተመለሰ። «እህስ፣ ተመቸሽ?»

«ከበደኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ማንም አይጠረጥራትም፤ ቫዮሊኑም አይወሰድባትም፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠችው እናቷም አይዞሽ ብላ ወደ ቤት ትወስዳታለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከነገ ጀምሮ ያለው ወር ታያት፤ በየጠዋቱ ይህንኑ ፍርሃት ይዛ ስትነሳ።

«ይመቸኛል» አለች። «እጄን ብቻ ልታጠብ። የሱንም ቅባት እንዳላስነካው።»

መምህሩ መጀመሪያ ጣቶቿን፣ ቀጥሎ ጉንጉኗን አየ። «ቶሎ በይ» አላት፤ «በኋላ እናወራለን።»

መድረኩ ላይ መብራቱ ዓይኗን ወጋት። እናቷ የት እንደተቀመጠች እንኳ አልታያትም። ቫዮሊኑን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ የቀጮን ደጋን ክሩ ላይ አስቀመጠች። በፒያኖ የምታጅባት ሴትዮ እጆቿን አዘጋጅታ ታያታለች። ድንቢጥ አንገቷን ካልነቀነቀች አትጀምርም፤ ከነቀነቀች ደግሞ መመለሻ የለም። ፍርሃቱ ትንሽ እስኪለቃት ጠበቀች። አልለቀቃትም።

አንገቷን ነቀነቀች።