ሲግል የሚይዝ ፍሬን

ወደ አጎቴ ጋራዥ የሚመጡትን ያገለገሉ ሞተሮች ከመግዛታችን በፊት ነድቼ የምፈትሻቸው እኔ ነበርኩ። ሻጭ የዕቃውን ነውር አይናገርም። ሞተር ግን ከጋራዡ በታች ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ እስኪመለስ ድረስ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። አጎቴ «ሚዛን» ብሎ ስም ያወጣልኝ ለዚህ ነው። «እሷ ደህና ነው ካለች ደህና ነው» ይል ነበር ለደንበኛው ሁሉ። አባቴ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝም፣ መፍቻ ያስያዘኝም እሱ ነው።

አንድ አናጺ አናት የሚበሳ ፀሐይ በወጣበት ቀን መጣ። ሞተሯን ሳይነዳት እየገፋ አመጣት። ሱፐርሞቶ ከሚሏቸው ነበረች፤ ቁመናዋ የኮረኮንች ሞተር፣ ጎማዋ ግን ለስላሳ፣ የአስፋልት። ግራ ጎኗ ተፍቋል፤ የግራው ስፖኪዮ የለም።

«ልትሸጣት ነው?» አልኩት።

«አዎ። መጀመሪያ ግን ንጂያት።»

«እሱማ ሥራዬ ነው።»

«እንደ ሥራ አይደለም፣ እህቴ።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበረበት። «የታናሽ ወንድሜ ናት። የዛሬ አራት ወር ቁልቁለቱ ላይ ጥላው ሞተ። ፖሊሶች ግቢያቸው ውስጥ ፈትሸው ፍሬኗ ይሠራል፣ ልጁ በፍጥነት ነው የሄደው ብለው ጻፉ። እናቴም አመነች። እኔ… እንጃ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ትንሽ ጥድፊያ ነበረበት። አንቺ ነድተሽ ንገሪኝ። ጥፋቱ የሱ ነው ወይስ የሷ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ደርቋል። ማልቀስ የተከለከለ ሰው ይመስል ነበር።

ኮርቻዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ስወጣባት መሬት የደረሰው የአንድ እግሬ ጣት ብቻ ነው። አናጺው ሲያየኝ አየሁት፣ ግን አልሳቀም። አስነሳኋትና ወጣሁ።

እንደዚያች ያለ ሞተር ነድቼ አላውቅም። ድምጿ ደረት ላይ ነው የሚመታው። ጉድጓዱን ሁሉ ረጅሙ ሞላዋ ይውጠዋል። ኩርባ ላይ ገፋ ሳደርጋት ትተኛልኛለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ትነሳለች። ለአምስት ደቂቃ ያህል የሞተውን ልጅ ረሳሁት። ዛሬም ድረስ አፍርበታለሁ።

ቁልቁለቱ ላይ በዝግታ ወረድኩ። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ የፊት ፍሬኑ ሸጋ አድርጎ ያዘ፣ ለቀቀ። አምስተኛው ላይ ግን ጣቴን ካነሳሁም በኋላ ሞተሯ ፍጥነቷን መቀነሷን አላቆመችም። የፍሬኑ እጀታ ድንጋይ ሆነ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የፊት ጎማው ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ እየያዘ ነበር። እንደምንም ወደ ዳር አወጣኋትና ቆመች። ፈጠን ብዬ ቢሆን ኖሮ በመሪው ላይ አሽቀንጥራ ትጥለኝ ነበር።

የፍሬኑ ዲስክ ከግለቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲበርድ ጎማው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተፈታ። ፖሊሶቹ ለምን እንዳላገኙት ያን ጊዜ ገባኝ። እነሱ የፈተሹት ቀዝቃዛውን ፍሬን ነበር።

የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩና አሸተትኩ። የፍሬን ዘይት አልነበረም፤ የሞተር ዘይት ነበር። እሱ ደግሞ ፍሬን ውስጥ ሲገባ ላስቲኮቹን ያሳብጣቸዋል። ያበጠ ላስቲክ ሲግል ዲስኩን ነክሶ ይይዛል።

ክዳኑን ስመልስ ብሎኖቹ ላይ ነጭ የቀለም ነጥብ አየሁ።

አጎቴ ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ በነጭ ቀለም ጠቅ ያደርገዋል። «ፊርማዬ» ይለዋል። በከተማው ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ መካኒክ የለም። ዓይኑ ከደከመ ዓመት አልፎታል። መነጽር አድርግ ስለው «ዓይኔ ቢደክም እጄ ያያል» እያለ ያሾፍብኛል። የፍሬን ዘይቱና የሞተር ዘይቱ ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። እኔ ሥራ ባልገባሁበት በአንዱ ቀን ልጁ መጥቶ፣ አጎቴ በሳቅና በጨዋታ ሠርቶለት፣ አመስግኖ ሄዷል ማለት ነው።

ስመለስ አናጺው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ከኋላው፣ በመስኮቱ በኩል፣ አጎቴ አንድ ብሎን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ይመረምራል።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«ፍሬኗስ?»

ዓይኔን ከመስኮቱ መለስኩ። «ምንም አላገኘሁባትም» አልኩ።

አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው የራሱ ነው ጥፋቱ» አለ። «ከንቱ ልጅ።»

ሞተሯን ገዢ እስኪገኝ እዚሁ ትቆይ ብዬ ከኋላ ክፍል ቆለፍኩባት። በማግስቱ የፍሬን ዘይቱን ጠርሙስ ወደ ሌላ መደርደሪያ ወሰድኩና ለአጎቴ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፍሬን የምሠራው እኔ ነኝ» አልኩት። «ምነው፣ ጡረታ አወጣሽኝ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

አናጺው ገዢ ተገኘ ወይ ብሎ ሊጠይቅ በሦስተኛው ቀን መጣ። በአምስተኛውም መጣ። ከዚያ መጠየቁን ተወው፤ መምጣቱን ግን አልተወም። አንድ ቀን በክንዱ ሥር አጠር ያለች የእንጨት መርገጫ ይዞ መጣና ፊቴ አስቀመጣት።

«ምንድን ናት?»

«ረጃጅሞቹ ሞተሮች ላይ ስትወጪ የምትረግጫት። ቁመትሽን በዓይኔ ለክቼው ነበር።»

ወጣሁባት። ልክ ነበረች። ስወርድ እጁን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። ከወረድኩ በኋላም ሁለታችንም እጃችንን ለመሰብሰብ አልቸኮልንም።

«እናንተ ልጆች፣ ሞተር ነው የምትሸጡት ወይስ እጅ?» አለ አጎቴ ከውስጥ።

ቀኑን ሙሉ ከአናጺው በቀር የማስበው አልነበረም። ከእሱ ጋር ስሆን ደግሞ የማስበው ነጩን ነጥብ ነበር። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት! ዛሬ ልናገር ስል አጎቴ ሻይ ይዞልን ይመጣል። ነገ ልናገር ስል አናጺው ይስቃል፣ ሲስቅ ደግሞ ዓመት ሙሉ እንዳልሳቀ ሰው ነው። በቃ፣ ሳሳሁለት።

አንድ ቀን «ወንድሜ ሲነዳት ምን ይሰማው ነበር?» አለኝ።

እሱን እንኳ ልንገረው ብዬ ነገርኩት። ድምጿ ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ጉድጓድ ላይ እንዴት እንደምትንሳፈፍ፣ ከኩርባው ስትነሳ ሰው ክብደቱን እንዴት እንደሚረሳ።

«ደስ ብሎት ነበር ማለት ነው» አለ።

«በጣም።»

«ያ ደስታው ነው የገደለው።» ፊቱ እንደገና ተዘጋ። «ለእናቱ አስቦ ቢሆን ቀስ ይል ነበር። ይቅር አልለውም፣ ሚዛን። ሞቶም ይቅር አልለውም።»

እጄ እጁ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም።

በሁለተኛው ወር ላይ ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። ቤቷ ትንሽ ናት። እሱ የሠራቸው ወንበሮች ጠረጴዛውን ከበውታል። ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ፊቱን አዙሮ ተሰቅሏል፤ የሚታየው የጀርባው ካርቶን ነው።

እናቱ ጉንጬን ሳሙኝና ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ፎቶውን ሳየው ጊዜ «ትንሹ ልጄ ነው» አሉ። «አንቺ የሞተር ሥራ ሰው ነሽ አሉ፣ ታውቂዋለሽ። ሰው በገዛ እጁ ሞትን ሮጦ ይቀበላል? ዘጠኝ ወር ተሸክሜው፣ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰበኝም። ፊቱን ማየት አልፈልግም። አላለቀስኩለትም፣ ልጄ። አላለቅስለትምም።»

አናጺው ጠረጴዛውን በጣቱ ይቆረቁራል። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«እማማ» አልኩ። «ልጅዎ ጥፋት የለበትም።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ፍሬኑ ነው። ውስጡ ሌላ ዘይት ገብቶበታል። ሲግል ጎማውን ይይዛል፣ ሲበርድ ይለቀዋል። ዘይቱን የጨመረው አጎቴ ነው። ዓይኑ አያይም፤ ማድረጉንም አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ሞተሯን ከነዳሁበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

እናቱ አፌን አዩኝ። ከዚያ ተነሱ። ወደ ግድግዳው ሄደው ፎቶውን አዞሩት። ጥርሱን ብልጭ አድርጎ የሚስቅ ልጅ ነው። በመዳፋቸው አቧራውን ጠረጉለትና «አላጠፋህም?» አሉት። «አላጠፋህም እንዴ የኔ ጌታ?» ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ስድስት ወር ያህል የታፈነ ለቅሶ ወጣ።

አናጺው እስከ በሩ ሸኘኝ።

«ካወቅሽ ስንት ቀን ነው?» አለኝ።

«ሃምሳ አንድ።»

«ሃምሳ አንድ ቀን ሙሉ ወንድሜን ስሰድብ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ።»

«አጎቴ ነው ያሳደገኝ…»

«እሱንማ እረዳለሁ። ለእናቴም ለአባቴም ቢሆን እኔም እዋሽ ይሆናል።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮህብኝ በተሻለኝ። «ግን እንዳትነግሪኝ ብዬ ሳይሆን ንገሪኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ሙት ወቃሽ አደረግሽኝ፣ ሚዛን።»

በሩን በቀስታ ዘጋው።

ቤት ስደርስ ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኩት። አልካደም፣ አልተከራከረም። ሁለቱን ጠርሙሶች አምጪ አለኝ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዞ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አያቸው። አራራቃቸው፣ አቀረባቸው። በመጨረሻ ወለሉ ላይ አስቀመጣቸውና እጆቹን ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ ነበሩ፤ እሱ ግን መጥረጉን አላቆመም።

«ልጁን አስታውሰዋለሁ» አለ። «ጨዋታ ያውቅ ነበር። አሳቀኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «አድርሺኝ» አለ። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ እጁን ይዤ ወሰድኩት።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ አናጺው ቃሉን ሰጠ። ዳኛው የሚጨምረው ነገር ካለ ሲጠይቁት «ሽማግሌውን ማሰር ወንድሜን አይመልስልኝም» አለ። አጎቴ በዕድሜውና በራሱ ፈቃድ እጁን በመስጠቱ ከእስር ዳነ። ጋራዡ ግን ተዘጋ።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አናጺው ጠበቀኝ። ከስቷል።

«ልጠላሽ ሞክሬ ነበር» አለ። «እምቢ አለኝ። ክፋቱ እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺን ባየሁ ቁጥር ‹ከንቱ ልጅ› ያልኩት ድምፄ ይሰማኛል። ከድምፄ ጋር መኖር እስክለምድ…» አልጨረሰውም። ጉንጬን በአውራ ጣቱ ነካ፤ ጣቱ ሻካራ ነው። ወርዶ ሄደ። እኔም አልተከተልኩትም።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ መፍቻ አልነካም። በዓመቱ አረፈ። ቀብሩ ላይ አናጺው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ቀና ብዬ የማየት አቅም አልነበረኝም።

አሁን የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ማንኛውንም ፍሬን ሳላግለው ደህና ነው ብዬ አልፈርምም። ባለንብረቶቹ አዘገየሽን ብለው ይሰድቡኛል።

የአናጺው እናት ግን ደወሉልኝ። መጀመሪያ የደወሉት ከቀብሩ በኋላ ሊያጽናኑኝ ነው፤ ከዚያ በየእሁዱ ሆነ። የሚያወሩኝ ስለ ትንሹ ልጃቸው ነው። በሕፃንነቱ ስለሰበረው ሳህን፣ ስላስቸገረው መምህር። እየሳቁ ያለቅሳሉ። ስለ ትልቁ አያነሱልኝም፤ እኔም አልጠይቅም።

ባለፈው እሁድ እያወሩኝ ሳለ አንድ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያም «ማን ነው፣ እማ?» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ።

«እሷ ናት» አሉት።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ በቅርብ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ትንፋሽ ሰማሁ። የእናቱ አልነበረም።

«አለሁ» አልኩ።

መልስ አልሰጠኝም። ስልኩንም አልዘጋውም።