የፋዮ ጉሮሮ

ማሂ ደብተሮቿን ሰብስባ ተነሳች። «ሰሌዳው አይታየኝም፤ ፊት ልቀመጥ ነው» አለች። ፋዮ ቀና ብላ አየቻት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ፤ ማሂ ከመንገድ ማዶ የታክሲ ታርጋ የምታነብ ልጅ መሆኗን ታውቃለች።

በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ እውነቱን ሰማችው። «አፏ እኮ ይከረፋል» ትላለች ማሂ ለሌሎቹ። «ጀለሴ ስለሆነች ነው እስከዛሬ የቻልኩት።» ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፋዮ መናገር ተወች። መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን እያወቀች ታቀረቅራለች። ድዷ እስኪደማ ጥርሷን ብትቦርሽም ሽታው አልለቅ አላት። አንድ ማለዳ ስታስል የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጣ ያለች ነገር እጇ ላይ ወደቀች። በጣቷ ስትጨፈልቃት ክርፋቷ አፍንጫዋን መታው። ውስጤ በስብሷል ብላ አሰበች። ለማንም ሳትናገር ሞቷን መጠበቅ ጀመረች።

እናቷ የሺሀረግ ያገኘቻት መስታወት ፊት ቆማ በክብሪት እንጨት ጉሮሮዋን ስትጎረጉር ነው። እንጨቱ ላይ ደም ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እማ፣ በስብሻለሁ።»

ጎረቤታቸው እትዬ ታየች፣ «እንጥሏን ማስቆረጥ ነው የሚሻለው» አሉ። እናቷ ግን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ አፏን አስከፍታ በባትሪ አየቻት።

«የቶንሲል ጠጠር ነው። ቶንሲል ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ የምግብ ፍርፋሪና ጀርም እዚያ ሲጠራቀም ይጠጥርና ይሸታል። አልበሰበስሽም። እንጨት ግን ይቅርብሽ፣ ያቆስልሻል። ከምግብ በኋላ ለብ ያለ የጨው ውሃ ያዢና ቀና ብለሽ ጉሮሮሽን ተጉመጥመጪ። ምላስሽንም ቦርሺ፣ ውሃ ጠጪ።»

«እንጥሏስ?» አለች እናቷ።

«እንጥሏ ምን አደረገ? እንዳታስነኳት።»

«በቃ ይጠፋል?» አለች ፋዮ።

«ይቀንሳል። ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። ካመመሽ ወይም ከበዛብሽ ሆስፒታል እንልክሻለን።»

ፋዮ ጆሮ ውስጥ የቀረው «ተመልሶ ሊመጣም ይችላል» የሚለው ብቻ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ በአንድ ፍርድ ቤት አጥር ጥግ ከእናቷ ኋላ ኋላ እየሄደች፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

በማግስቱ ማሂ የክፍሉ በር ላይ አገኘቻት። «ትናንት የት ጠፋሽ?»

ጉንፋን ነው ማለት ቀላል ነበር። ማሂም ያመነች ትመስል ነበር፤ ሁለቱም ውሸታቸውን ይዘው ይለያዩ ነበር።

«ጤና ጣቢያ» አለች ፋዮ። «አፌ ለምን እንደሚሸት ልጠይቅ። ቶንሲሌ ላይ ጠጠር አለ አሉኝ።»

የማሂ ፊት ተለዋወጠ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ...»

«ስታወሪ ሰምቼሻለሁ።»

ደወሉ ተደወለ። ማሂ አንገቷን ደፍታ ወደ ፊተኛው መቀመጫዋ ሄደች። ዞራም አላየችም።

ፋዮ ወደ ዴስኳ ሄዳ እንደለመደችው ግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው። መምህሩ ሲገባ ቦርሳዋን አንስታ ከግድግዳው ጥግ ወደ ዴስኩ መሃል ተጠግታ ተቀመጠች።